ከሰዓት በኋላ የሚጠፋው መስመር

በስሜ የሚጠራኝ ደንበኛ የለኝም። ቁጥሬን የያዘ ሁሉ «ካሜራው» ብሎ ነው የመዘገበኝ፤ ሲደውልም «ካሜራው፣ ዛሬም ጠፋ እኮ!» ይለኛል። ሥራዬ የቤት ካሜራ መስቀል፣ ምስሉን የሚያስቀምጠውን መቅረጫ መግጠም፣ ከዚያም ባለቤቱ ቤቱን በስልኩ እንዲያይ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ነው። ከዚያ በኋላ መስመር በጠፋ ቁጥር ጥፋተኛው እኔ ነኝ። መብራት ቢሄድ እኔ ነኝ፤ ዝናብ ቢዘንብ እኔ ነኝ። ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። ራውተር ተሳድቤ አውቃለሁ፤ እንዲያውም አንዱን በጥፊ ባጮለው ተሽሎት ሠርቷል።

የመምህርቷ ቤት ግን ስድቤን ሁሉ አስጨረሰኝ።

መምህርቷ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናትየዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። እማማ መርሳት ጀምረዋል። መርሳት ስል ቁልፌን የት ጣልኩት የሚባለው ዓይነት አይደለም። የገዛ ልጃቸውን ፊት ለፊት እያዩ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። የሹራባቸውን ቁልፍ አዛንፈው ይቆልፋሉ፤ ማንኪያ ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ይገባቸዋል። ጠዋት ጠዋት አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት መጥታ አብራቸው ትቆያለች፤ ምሳ አብልታ፣ ምድጃውን አጥፍታ፣ በሩን ቆልፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ መምህርቷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ብቻቸውን ናቸው። ካሜራው የገባው ለዚያች ክፍተት ነው። መምህርቷ በየክፍለ ጊዜው መሀል ስልኳን ከፍታ ታያቸዋለች፤ የሚያሰጋ ነገር ካለ ለጎረቤቷ ትደውላለች።

ችግሩ መስመሩ የሚጠፋው ልክ በዚያች ክፍተት መሆኑ ነው። ጠዋት ይሠራል። ምሳ ሰዓት ይሠራል። ጎረቤቷ ወጥታ ጥቂት ሲቆይ ስልኩ ላይ ያሉት ምስሎች ሁሉ ጥቁር ይሆናሉ። መምህርቷ ቤት ልትደርስ ስትል ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል።

«ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ካልተስተካከለ እናቴን ሊወስዳት ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ እኔ መሰላል ላይ ቆሜ።

«ማነው የሚወስዳቸው?»

ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ በሚኖርበት ከተማ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። እሷ መጀመሪያ ተሟገተች፣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ሁለቱ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ካሜራው ከሠራና እሷ ከሥራ ቦታዋ ልታያቸው ከቻለች እናታቸው ቤታቸው ይቆያሉ። ካልሆነ ግን ዓርብ መጥቶ ይወስዳቸዋል። እንግዲህ የእማማ ዕድል በኔ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ይኼን ስሰማ መሰላሉ ከእግሬ ስር የተወዛወዘ መሰለኝ።

ያላደረግኩት ነገር የለም። ኬብል ቀየርኩ። ራውተሩን ከቲቪው ጀርባ አውጥቼ አየር ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት። ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ዘንድ ደውዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩባቸው፤ እነሱም «ከእኛ ጋር ምንም ችግር የለም» ብለው በጨዋ ደንብ ዘጉብኝ። ምናልባት ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ዕቃ የመቅረጫውን የኔትወርክ አድራሻ እየተጋፋው ይሆናል ብዬ ለብቻው ቋሚ አድራሻ ሰጠሁት። በሄድኩ ቁጥር ሁሉም ነገር ጤነኛ ነው። ሐኪም ቤት ሲደርስ ሕመሙ እንደሚለቀው ሰው አጓጉል ብልሽት ነበር።

እማማ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁኛል። አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው «ከየት ነው?» ይሉኛል። የሰፈሬን ስም እነግራቸዋለሁ። «ይጠብቁ» ይሉኝና ጥለውኝ ይሄዳሉ። እኔ ታዲያ መሣሪያዬን ይዤ በሩ ላይ እንደ ለማኝ እቆማለሁ። መጀመሪያ ቀን ሳቄ መጣ፤ ኋላ ለመድኩት።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ልናገር። ከእነሱ በፊት ቤቱን የያዘው አንድ ትንሽ ቢሮ ነበርና ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በር ያለው የብረት ሳጥን ትቶ ሄዷል። ውስጡ ከላይ በኩል ከየክፍሉ የሚመጡት መስመሮች የሚያልቁባቸው ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ከታች ደግሞ ሌላ ረድፍ አለ፤ እሱ ስዊች ነው፣ መስመሩን ለሁሉም የሚያከፋፍለው። የላይኛውን ከታችኛው የሚያገናኙት አጫጭር ገመዶች ናቸው፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ገመድ በተሰካበት ቀዳዳ አጠገብ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መቅረጫውን ያስቀመጥኩት እዚያው ሳጥን ግርጌ ነው፤ እሱም በአንድ አጭር ገመድ ከስዊቹ ጋር ተያይዟል።

ዓርብ ሁለት ቀን ሲቀረው መምህርቷ ከሥራ አስፈቅዳ ቀረች፤ እኔም በማለዳ ሄድኩ። ሳጥኑ ፊት ተቀምጬ የመቅረጫውን ማስታወሻ ከፈትኩ። መቅረጫ የደረሰበትን ሁሉ ይመዘግባል። እስከዚያ ድረስ «ኢንተርኔት ጠፋ» የሚለውን ብቻ ነበር የማየው። ያን ዕለት ግን ቀስ ብዬ ሳነበው ከሱ ቀደም ብሎ ሌላ ቃል አገኘሁ፤ ገመድ ተነቅሏል ይላል። ትናንት ተነቅሏል። ከትናንት ወዲያም። በየቀኑ ከሰዓት ተነቅሏል፣ በየቀኑ ተመልሶ ተሰክቷል።

ደሜ ፈላ። «መምህር» አልኳት፣ «ይኼ ብልሽት አይደለም። ሰው ነው።»

ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ጎረቤቴ ቁልፍ አላት» አለች በሹክሹክታ። «ወጣሁ ብላ ተመልሳ ትገባ ይሆን? ምን ልትደብቅ ነው? እናቴን ትመታት ይሆን?»

«ተረጋጊ። ተቀርጿል።»

«እንዴት ይቀረጻል? ጠፍቶ!»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ስልክ ላይ መጥፋትና አለመቀረጽ አንድ ይመስለዋል። ካሜራዎቹ ግን ከመቅረጫው ጋር የሚገናኙት በራሳቸው መስመር ነው፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ያዩትን ያስቀምጣሉ። እኔም ይኼን እያወቅኩ እስከዚያ ቀን ያልከፈትኩት በሰው ቤት የተቀረጸን ነገር የማየት ልማድ ስለሌለኝ ነው። ጓዳ ለጓዳ መግባት አልወድም። ያን ዕለት ግን መምህርቷ ራሷ «ክፈተው» አለችኝና የኮሪደሩን ካሜራ የትናንት ምስል ከፈትኩት። ድምፅ የለውም፤ ድምፁን አብርቼው አላውቅም ነበር።

ጎረቤቷ ወጣች፣ በሩን ቆለፈች። ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ እማማ ከመኝታ ቤታቸው ወጡ።

ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው አስረዋል። የሹራባቸው ቁልፎች አንድም ሳይዛነፍ ተቆልፈዋል። ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ጎትተው ሳጥኑ ፊት አስቀመጡ፣ በሩን ከፈቱ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀመጡ። ዐይናቸው በመብራቶቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደና ተመለሰ። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸው ተነሳ።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ ጸጉሬ ሸብቷል። እንደዚያ ዓይነት እጅ አላየሁም። መዳሰስ የለም፣ ማመንታት የለም። ገመዱን ነቅለው ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሰኩታል፤ አንድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያዳምጣሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ይነቅሉታል። ወዲያው ሌላ። ቀዩ ከሰማያዊው በላይ ሲያልፍ፣ ቢጫው ከሁለቱ ስር ሲሾልክ፣ አንዱ ከሌላው አይጠላለፍም። የማንኪያ ጥቅም የሚጠፋባቸው ሴት እኚህ ናቸው ብሎ የሚያምን ማን ነው? እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ምስሉን በፍጥነት ወደ ፊት አሳለፍኩት። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲህ ናቸው። በመጨረሻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምረው እያንዳንዱን ገመድ ወደነበረበት መለሱ። እያንዳንዱን! እኔ እንኳ ያን ሳጥን ስፈታ በቀለም እስክሪብቶ ምልክት ሳላደርግ አልነካውም። እሳቸው አንዱንም ሳይሳሳቱ መለሱት፣ በሩን ዘጉ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው አደረሱ። መቅረጫው ኢንተርኔት ያገኘው በዚያችው ቅጽበት ነው። እኔ ሁልጊዜ የምደርሰው እንግዲህ እሳቸው ሥራቸውን ጨርሰው ቤቱን ካስተካከሉ በኋላ ኖሯል።

መምህርቷን ዞር ብዬ አየኋት። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ኦፕሬተር ነበረች» አለችኝ። «ከተማ ለከተማ ስልክ የምታገናኝ። እኔ ከመወለዴ በፊት። ሠርግ ሲደርስ የተኮራረፈ ዘመድ ሁሉ የሚታረቀው በሷ እጅ ነው ይሉ ነበር፣ በስልክ እያገናኘችው። እኔ እኮ ሥራ ላይ ሆና አይቻት አላውቅም።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ጎረቤቴን ደግሞ ሌባ ልላት ነበር። አፈር ልብላ!»

ያን ጊዜ ነው «ከየት ነው?» የገባኝ። የሰፈሬን ስም አልጠየቁኝም። ከየት እንደምደውል ነው የጠየቁኝ። እኔንም በሩ ላይ ያቆሙኝ መስመር እስኪያገኙልኝ ነበር።

ልቤ በአድናቆት ቢሞላም አፌ ግን ያው የሠራተኛ አፍ ነው። «በይ እንግዲህ፣ ተገላገልን» አልኩ። «ሳጥኑ ላይ ቁልፍ እናደርግበታለን፣ አለቀ። መስመሩ ዳግም አይጠፋም።»

የሳጥኑን በር ቀስ ብላ ዘጋች። ከመኝታ ቤት የእማማ ሳል ተሰማ።

«ከሥራ ላባርራት ነው?» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ያቺ ጥያቄ ወገቤን መታችኝ። ብልሽት ፈልጌ የማገኝ ሰው ነኝ፤ ባገኘሁት ነገር ማፈር ግን ልማዴ አይደለም። መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ቤቴ ከአንድ ከፈረሰ ቢሮ ያወረድኩት ተመሳሳይ ሳጥን ነበረኝ፣ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ፣ ስዊች፣ አጫጭር ገመዶች። ማታ እንቅልፍ አጣሁ አልልም፤ በማግስቱ ግን ያን ሳጥን ጠራርጌ ይዤ ተመለስኩ።

ዋናውን ከነመቅረጫው ከኮሪደሩ ነቅዬ ጣሪያ ስር፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ ሰቀልኩና ቆለፍኩት። በሱ ቦታ፣ በተቀመጠ ሰው ዐይን ልክ፣ ሁለተኛውን አደረግኩ። ይኼኛው ከምንም ጋር አልተያያዘም። ኤሌክትሪክ ብቻ ይገባዋል። የላይኛውን ረድፍ ቀዳዳዎች ግን በጀርባ በኩል መልሼ እዚያው ስዊች ላይ ሰካኋቸው። ከኛ ሙያ ሰው ቢያየኝ ይስቅብኛል፤ የስዊችን መስመር ዞሮ ወደ ራሱ መመለስ ለጀማሪ እንኳ መጀመሪያ የሚነገረው ክልክል ነው፣ ኔትወርኩን ያሳብደዋል። እዚህ ግን የሚያብድ ኔትወርክ የለም። ከላይ ወደ ታች ገመድ ሲሰካ ሁለቱ መብራቶች አንድ ላይ ይበሩና እንደ ጉድ ይርገበገባሉ። ወሬ የደራበት መስመር ይመስላል። እኔም የፈለግኩት ይኼንኑ ነው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትሸው ሄድኩ። መምህርቷ ክፍል ነበራት፤ ጎረቤቷ በሩን ከፍታልኝ ከኔ ጋር ቆየች። የኮሪደሩን ካሜራ ማይክና ድምፅ ማጉያ አብርቼ ለመምህርቷ «ሲመችሽ ድምፅሽን እንሞክር» ብዬ ጻፍኩላት። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዞ አንድ ሰውዬ ገባ፤ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«እሷ ሳትመጣ ብንወጣ ይሻላል» አለ ዐይኑን ሰብሮ። «ለቅሶዋን አልችለውም።» ክፉ ሰው አይደለም። የደከመው ሰው ነው። «አንተ ካሜራው ነህ? ተውኩት በለኝና እንገላገል፤ አይሠራም አይደል?»

«ይሠራል» አልኩት። «ግን መጀመሪያ ትንሽ ቁጭ በል።»

የሥራ ሰዓታቸው ደርሶ እማማ ወጡ። ጸጉራቸው ታስሯል። ወንበራቸውን ጎትተው አዲሱ ሳጥን ፊት አደረሱ። በሩን ከፈቱና እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ። ትክክል አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። አበቃልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ገመዶቹን አንድ በአንድ አወጡ፣ ጭናቸው ላይ በቀለም ለዩ፣ እኔ የማላውቀውን ቅደም ተከተል ተከትለው መልሰው ሰኩ። የኔን ዝርክርክ ሥራ ነው ያስተካከሉት። ጨርሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወገባቸውንም አቀኑ።

ልጃቸው ሻንጣውን እንደያዘ ግድግዳውን ተደገፈ። «ምን እያደረገች ነው?» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ራሱ ገባው፤ እጁ ወደ አፉ ሄደ።

ከካሜራው ድምፅ መጣ። ከኋላው የተማሪዎች ጫጫታ አለ።

«እማዬ? ትሰሚኛለሽ?»

እማማ ወደ ካሜራው ቀና አላሉም። አንድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ በሌላው ቀዩን ገመድ አነሱ። ድምፃቸው የለመድኩት የሚንቀጠቀጠው ድምፅ አልነበረም፤ ጥርት ያለ፣ ትሑት፣ የሥራ ድምፅ ነው።

«ኦፕሬተር። ማንን ላገናኝዎት?»

ከካሜራው የእርምጃ ድምፅ መጣ። ጫጫታው ራቀ፤ ወደ ውጭ ወጥታ መሆን አለበት።

«እናቴን» አለች መምህርቷ።

«ይጠብቁ።» ገመዱን ሰኩት። ሁለቱ መብራቶች በርተው ተርገበገቡ። «እናትዎ መስመር ላይ ናቸው። ይነጋገሩ።»

ይኼን ብለው እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ምን ሆኑ ብዬ ስደነግጥ ልጃቸው በሹክሹክታ «አትሰማም» አለኝ። «ካገናኘሁ በኋላ ጆሮዬ የኔ አይደለም ትለን ነበር። የሰው ጨዋታ ሰምታ አታውቅም።» ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች መምህርቷ። «ጠዋት ጸጉርሽን ሳበጥርልሽ የማን ልጅ ነሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ቸኩዬ ነበርና ሳልመልስልሽ ወጣሁ። ያንቺ ነኝ። በየቀኑ ብትጠይቂኝ በየቀኑ እነግርሻለሁ፤ አይሰለቸኝም። ቤታችን እንድትቀሪ ብቻ ነው የምፈልገው።» ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠና ትንፋሿ ብቻ ይሰማ ጀመር።

ጎረቤቷ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። እኔ ቁጡው ሰው ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ታላቅ ወንድሟ ሻንጣውን አነሳ። በእግሩ ጣት እየረገጠ፣ ኮቴው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ ወደ ውጭ ወጣ፤ የመኪናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ። ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር።

እማማ ሰው ተነጋግሮ ለመጨረስ የሚበቃውን ያህል ከጠበቁ በኋላ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው መለሱ፤ ሌላኛው እጃቸው ቀዩን ገመድ ያዘ።

«ጨረሱ?» አሉ።

ካሜራው ውስጥ ትንፋሽ ተሳበ።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው አልቆርጠውም፣ ልጄ» አሉ፤ ገመዱንም ለቀቁት።